ኮካውን ከፍሪጅ ባወጣው አትላንታ (የኮካ ዋና ቢሮ) ማን ይሰማኛል?

የአቶቴዋ ባለሱቅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሀዋሳ አቶቴ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ ለስላሳ። ሱቋን ቀጥ አድርጎ የያዘው ፍሪጁ ነው። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ተማሪውም ባጃጅ ነጂውም የሚቆመው ለእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የሚኖረው እኔ ጋ ነው። ሰሞኑን ከጓደኞቹ ጋር አንድ ነገር ይዘዋል። ትልልቅ ኩባንያዎች ለሎቢ ቡድኖች ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ሎቢዎቹ ደግሞ ባለሥልጣን ጆሮ ሥር ተቀምጠው ሕግ ያስጽፋሉ፣ ስለዚህ ገዢው ማደም አለበት ይላል። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ግን «አክስቴ፣ ኮካውን ከፍሪጅ አውጪው» አለኝ። ኮካ አሜሪካ ውስጥ ሰው ተኩሶ ለሚገድል ሽፋን የሚሰጥ ሕግ ያሰራጨ ቡድን ይደግፋል አለ። «ፔፕሲ ብቻ ልሽጥ ነው?» ስለው «እሱንም ላጣራ» አለኝ። ይሄ ልጅ አጣርቶ ሲጨርስ ፍሪጄ ውስጥ የሚቀረው የቧንቧ ውሃ ነው።

ልጁን ንቄው አይደለም። ታላቅ እህቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። አጎአ (ልብሳችን አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ዕድል) ሲቋረጥ ከሥራ ከወጡት አንዷ ናት። ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት አቶቴ ድረስ መጥቶ የቤት ኪራይ ሲያሳጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ «ይሄ የሩቅ ነገር ነው፣ ተወው» ልለው አልችልም።

ግን ሦስት ነገር ልጠይቅ። ልጁ የሚለው እውነት ነው? እንዲህ ያለ ጫና ሠርቶ ያውቃል ወይስ የፌስቡክ ሆይ ሆይታ ነው? ደግሞስ እኔ ኮካ ባላስገባ የሚጎዳው ሎቢው ነው ወይስ ሳጥን እያወረደ የሚያድር የአከፋፋዩ ልጅ? የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያስረዳኝ። እባካችሁ የፓርቲ ጭቅጭቅ አታምጡብኝ።


ባጃጅ ከሞቢል፦

ማዘር፣ ኮካውን የሚያወጡት ከሆነ ይደውሉልኝ፤ መጥቼ በነፃ እጨርስልዎታለሁ።

የምሬን ግን ፔፕሲ እዚሁ ከተማችን ነው የሚመረተው። ኮካ ቢቀር ሰፈሩ አይጠማም። አትላንታ ይሰማል ወይ ላሉት፣ እኔ ቤንዚን በጥቁር ገበያ እየገዛሁ ስጮህ እዚህ ሀዋሳም የሚሰማኝ የለም።


ኦዲት ያሰለቸው፦

እትዬ፣ ልጁ የሚለው መሠረት አለው። ዜናው ግን አርጅቶበታል።

ቡድኑ አሌክ ይባላል። የተመሠረተው በ1973 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ተራ ሎቢ የባለሥልጣን ደጅ ይጠናል። አሌክ ግን የየግዛቱን ምክር ቤት አባላትና የኩባንያ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። እዚያ ረቂቅ ሕግ ይዘጋጃል። የምክር ቤት አባሉ ረቂቁን ይዞ ወደ ግዛቱ ይመለስና እንደ ራሱ ሐሳብ አድርጎ ያቀርበዋል። የምክር ቤት አባላቱ የሚከፍሉት ለይስሙላ ነው። ቤቱን የሚያኖረው የኩባንያዎቹ መዋጮ ነው።

ኮካም አባል ነበር። በፌብሩዋሪ 2012 ፍሎሪዳ ውስጥ ትሬይቮን ማርቲን የሚባል የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ በጥይት ተገደለ። እጁ ላይ መሣሪያ አልነበረም። የገደለው ሰው ሳይታሰር ሳምንታት አለፉ። ያኔ የፍሎሪዳ ሕግ መነጋገሪያ ሆነ። ሕጉ ሕይወቴ አደጋ ላይ ነው ብሎ የሰጋ ሰው መሸሽ ቢችል እንኳ ሳይሸሽ መተኮስ ይችላል ይላል። አሌክ ይህን ሕግ ሞዴል አድርጎ ለሌሎች ግዛቶች አሰራጭቶት ነበር። ልጁ የሰማው ይሄን ነው።

ብዙ ሰው የማያወራው ግን ሥራው ቀደም ብሎ መጀመሩን ነው። ከለር ኦፍ ቼንጅ የሚባል የጥቁሮች መብት ድርጅት ከ2011 ጀምሮ የአሌክን ገንዘብ ሰጪዎች ይከታተል ነበር። ያኔ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መታወቂያ የሌለው መራጭ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚያደርጉ ሕጎች። ለኩባንያዎቹ ጻፉ፣ ደወሉ፣ አነጋገሩ። ሰልፍም ስድብም አልነበረም። ፔፕሲ በ2012 መጀመሪያ ላይ ሹልክ ብሎ ወጣ። በኤፕሪል ዘመቻውን አደባባይ አውጥተው ኮካ ላይ ሲያነጣጥሩ ኮካ በሰዓታት ውስጥ «ወጥቻለሁ» አለ። ክራፍትና ማክዶናልድስም እንዲሁ። አሌክ በዚያው ወር ምርጫና የሕዝብ ደኅንነትን የሚመለከተውን ኮሚቴውን ዘጋ።

በሰዓታት ውስጥ ስንት ጠርሙስ ሳይሸጥ ይቀራል? ምንም። ኮካ የወጣው ገበያው ስለተነካ አይደለም፤ ስሙ ከዚያ ልጅ አስከሬን ጋር አንድ ዜና ላይ ስለተጻፈ ነው። ስለዚህ ፍሪጅዎን አይንኩት። የሳጥን አውራጁን ልጅም አይንኩት።

ሲወጣ የሰጠውን ምክንያት ደግሞ ይስሙልኝ። እኛ አባል የሆንነው ለስላሳና ምግብ ላይ ብቻ ተለይቶ የሚጣል ግብርን ለመቃወም ነው፣ ከሥራችን ጋር የማይገናኘው ጉዳይ አያገባንም ነበር ያለው። እውነቱን ይሆናል። ግን መዋጮ አንዴ ከገባ ይሄኛው ብር ለግብር፣ ያኛው ለጠብመንጃ ተብሎ አይለይም። ዘመቻውን የሠሩት ሰዎች የያዙት ይህችን ነው። «አትሽጥ» ወይም «ክሰር» አላሉትም፤ «በስምህ የሚሠራውን እየው፣ ካልተስማማህ ውጣ» ነው ያሉት። ሊደረግ የሚችል፣ አንድ ፊርማ የሚበቃው ነገር።

እኔ ፓርኩ ውስጥ ኮምፕላያንስ ክፍል (የገዢዎቹ ደንብ መከበሩን የሚከታተለው) ሠርቻለሁ። ኦዲተር ሲመጣ የመጸዳጃ ቤት ሳሙና ሳይቀር ይታያል። የእሳት ማጥፊያው ጊዜ አልፎበት ከተገኘ የዚያን ቀን ምሳ የለም። ለእኛ አዝነው ነው እንዳይሉ። አንድ ፎቶ ወጥቶ ሸሚዙ ላይ የተሰፋው ስም እንዳይበላሽ ነው። የእኛን ፋብሪካ ስም ማን ያውቀዋል? ሎቢ ላይም ያው ነው። ስሙ መደርደሪያ ላይ የተደረደረ ኩባንያ ቶሎ ይደነግጣል። የድንጋይ ከሰል የሚቆፍረው ማንም ስለማያውቀው አይደነግጥም።


ነገር አጣሪ፦

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ግን ድሉ ብቻ ተነገረ። አሌክ ዛሬም አለ። በ2013 መጨረሻ ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የውስጥ ሰነዶቹን አግኝቶ አውጥቷል። ወደ 60 የሚጠጉ ኩባንያዎች ጥለውት ሄደው፣ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? የወጡትን መልሶ ለማምጣት ዕቅድ አወጣ። የዕቅዱን ስም ገምቱ፤ «የጠፋው ልጅ ፕሮጀክት»። የሉቃስ ወንጌሉ። የሰባውን ፍሪዳ አርደው ሊጠብቁ።

ሌላ ደግሞ ልጨምር። በ1989 የነዳጅ፣ የከሰልና የመኪና ኩባንያዎች ግሎባል ክላይሜት ኮአሊሽን የሚባል ቡድን አቋቁመው ነበር። ሥራው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ጥርጣሬ መዝራትና የጭስ ልቀት ይቀነስ የሚለውን የኪዮቶን ስምምነት መታገል ነው። ጫናው ሲበረታ መጀመሪያ ቢፒ ወጣ፣ ሼል ተከተለ፣ በ1999 ፎርድ፣ በ2000 ጄኔራል ሞተርስ። በ2002 ቡድኑ ራሱ ፈረሰ። ድል ይመስላል አይደል? ግን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽ ኪዮቶን አልቀበልም ያለው በ2001 ነው። ቡድኑ ሲፈርስ ተልእኮዬን ጨርሻለሁ ነው ያለው። የሠርጉ ድግስ ካለቀ በኋላ ድንኳን ማፍረስ ሽንፈት አይባልም።

ስለዚህ ባለሱቋ፣ ለልጁ እንዲህ ይበሉት። ኩባንያ ከቡድን ወጣ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ተለወጠ ማለት ሌላ። የፍሎሪዳው ሕግ አሁንም ሕግ ነው።


ፓርክ ነበርኩ፦

እትዬ፣ የእህትዎን ልጅ ሳላውቃት አልቀርም፤ ብዙ ነበርን። እኔም ማሽን ላይ ነበርኩ።

ሰው ሁሉ ሎቢን እንደ ሰይጣን ሲያወራ ይገርመኛል። እኛን ከአጎአ ማውጣት በኖቬምበር 2021 መጀመሪያ ተነገረ፤ በጃንዋሪ 2022 ተፈጸመ። በመሀል ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያሠራው ፒቪኤች እዚህ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቀሩትም ትእዛዝ ቀነሰባቸው። ያኔ እኮ አጎአ ይታደስ፣ ይቀጥል እያለ አሜሪካ ምክር ቤት የሚያንኳኳ ማን ነው ቢባል፣ የአሜሪካ የአልባሳትና ጫማ ማኅበር ነው። እሱም ሎቢ ነው። የሚከፍሉትም እነዚያው የሸሚዝ ስሞች ናቸው። ለትርፋቸው ነው፣ አውቃለሁ። ግን የእኔ ደሞዝም እዚያው ውስጥ ነበር።

እና ተማሪዎቹ «ኩባንያ ሁሉ ከሎቢ ይውጣ» ካሉ እኔ አልፈርምም። «የትኛው ሎቢ፣ ምን ጻፈ» ካሉ እሺ። ሌላው ደግሞ፣ ጫና ሲደረግ አለቃው የሚያጣው ስሙን ነው፤ እኛ ግን ኪራይ ነው የምናጣው። ያኔ ከጓደኞቼ ግማሹ ወደ ገጠር ተመለሱ፤ ግማሹ ዓረብ አገር ሄዱ። ይሄን የሚያስብ ዘመቻ እስካሁን አላየሁም።


የአቶቴዋ ባለሱቅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለልጁ አነበብኩለት። ኮካ በ2012 እንደወጣ ሲሰማ ፀጥ አለ። «ያኔ አንተ ሁለተኛ ክፍል ነበርክ» አልኩት። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ማጣራት ጀመረ፤ ቢያንስ አሁን ቀኑን እያየ ነው።

ፓርክ ነበርኩ ያልሽው ልጄ፣ ያልሽው ልቤን ነክቶኛል። የኔዋም ዓረብ አገር ነው ያለችው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሲጋራ አልሸጥም፤ ባለቤቴ በሳንባ ነው የሞተው። ስለ ሲጋራ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ ያውቃል? ስለ ቢራስ? እዚህ አገር የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን የጠፋው በሕግ ነው አሉ። ያኔ ኩባንያዎቹ ዝም አሉ እንዴ?


ኦዲት ያሰለቸው፦

ነፍስ ይማር እትዬ።

ሲጋራ ላይ የማውቀው ጥሩ ታሪክ የፋርማሲ ነው። ሲቪኤስ የሚባል የአሜሪካ ትልቅ የመድኃኒት ቤት ድርጅት በ2014 ሲጋራ መሸጥ አቆመ። መድኃኒትና ሲጋራ አንድ ጣሪያ ሥር አይሆንም ብሎ። በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ አንድ ጉድ አወጣ። የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት እየዞረ የሌሎች አገሮችን ፀረ ሲጋራ ሕግ ይዋጋ ነበር። ዩክሬን፣ ኔፓል፣ ሞልዶቫ እንኳ አልቀሩም። ሲቪኤስ የዚሁ ንግድ ምክር ቤት አባል ነበር። በአንድ እጁ ሲጋራ ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ በሌላው መዋጮ ይከፍላል። ዜናው በወጣ በሳምንት ገደማ ከአባልነት ወጣ። ይሄኛው ሰልፍም አላስፈለገውም።

ቢራ ካሉ ደግሞ ለእኛ የሚቀርብ አለ። ሜታ ቢራን በ2012 መጀመሪያ በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የእንግሊዙ ዲያጂዮ ነው። በዚያው ዓመት በሜይ፣ ቺካጎ ያለ ሃርትላንድ የሚባል፣ የአየር ንብረት ለውጥን የሚክድ ተቋም አንድ ትልቅ ሰሌዳ አቆመ። በቦምብ ሰው የገደለ ወንጀለኛ ፎቶ ለጥፎ፣ «እኔ አሁንም በዓለም ሙቀት መጨመር አምናለሁ፣ አንተስ?» የሚል። ሰሌዳው በአንድ ቀን ውስጥ ወረደ። ለተቋሙ ገንዘብ ሲሰጡ ከነበሩት አንዱ ዲያጂዮ ነበር። ሰው ሲያፋጥጠው ከእንግዲህ አልሰጥም አለ። ሰበታ ላይ ሜታ ሲጠጣ የነበረ ስንቱ ይሄን ሰምቷል? ማንም። እዚህ ያለን ሰዎች ኩባንያ የምናውቀው በጠርሙሱ ነው። ዲያጂዮ ሜታን በኋላ ሽጦ ሄዷል።

የቢራው ማስታወቂያ የተከለከለው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። አዋጁ ሲወጣ ማን በየትኛው ቢሮ ምን እንዳለ የምናይበት መዝገብ የለንም። አሜሪካ ውስጥ ከ1995ቱ ሕግ ወዲህ ሎቢስት ይመዘገባል፤ ስንት እንዳወጣም ያሳውቃል። ያም ሆኖ ለማኅበራቱ እያንዳንዱ ኩባንያ ስንት እንዳዋጣ ብዙውን ጊዜ ተደብቆ ይቀራል። ለዚህ ነው አሁን አሁን ግፊቱ ከጎዳና ወደ ባለአክሲዮን ስብሰባ የዞረው። በ2020 የነዳጅ ኩባንያው የሼቭሮን ባለአክሲዮኖች 53 በመቶ ድምፅ ሰጥተው፣ ሎቢያችሁ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ጋር መስማማቱን ሪፖርት አድርጉልን ብለዋል። ሠራተኛው ራሱ አይደለም፣ ተማሪው አይደለም፤ የገንዘቡ ባለቤት ነው የጠየቀው።

እርስዎስ ታዲያ? መዋጮ የሚከፍሉበት ማኅበር የለም?


የአቶቴዋ ባለሱቅ፦

አለ እንጂ! የሱቅ ነጋዴዎች ማኅበር አለን። በየወሩ ይሰበስባሉ፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ያመጣሉ። ከዚያ በላይ አልጠይቅም ነበር።

አሁን ስትለኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ፣ የማኅበራችን ሰዎች አንድ ደብዳቤ ወደ ቢሮ አስገብተናል ብለው ነበር። ይዘገይልን፣ አባሎቻችን ይጎዳሉ የሚል። አባል እኔ ነኝ እንግዲህ። እኔ ፌስታል እንዲቀር ነው የምፈልገው! ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ጊዜ በእግራችሁ ሂዱ፤ ዝናብ ካለፈ በኋላ የሚንሳፈፈውን እዩት። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡትን ጠይቋቸው። ፌስታል ለኔ ወጪ ነው፤ ሰው ገንዘብ አይሰጠኝበትም። ዘንቢል ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። እና በኔ ስም «እንጎዳለን» ተብሎ ተጽፏል።


ነገር አጣሪ፦

ፌስታል ካነሱማ ይሄን ይስሙ። ኬንያ ፌስታል የከለከለችው በ2017 በፈረንጅ ነው። በ2020 አሜሪካና ኬንያ የንግድ ስምምነት ሊነጋገሩ ሲሉ፣ የአሜሪካ ኬሚስትሪ ካውንስል የሚባል የኬሚካልና የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ለአሜሪካ መንግሥት ደብዳቤ ጻፈ። ኬንያ ለፕላስቲክ ንግድ በሩን እንድትከፍት፣ ወደ ሌላውም አፍሪካ መሸጋገሪያ እንድትሆን። ደብዳቤው ወጣ፤ ናይሮቢ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ከማኅበሩ አባላት አንዳንዶቹ በዚያው ሰሞን የፕላስቲክ ቆሻሻን እናጥፋ የሚል ሌላ ኅብረት ውስጥም ገንዘብ አስገብተው ነበር።

የርስዎ ማኅበር ትንሽ ነው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ከሳሽ ሆነው እንዳይሄዱ ብቻ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ፌስታል የሚያከፋፍል ጓደኛ ይኖረዋል።


ፓርክ ነበርኩ፦

እትዬ፣ ብቻዎን አይጠይቁ። ፋብሪካ ውስጥ ብቻውን የጠየቀ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። እንደ እርስዎ የሚያስቡ አባላት ይፈልጉ፤ ከዚያ ሦስትም አራትም ሆናችሁ ፈርማችሁ አስገቡ። «ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ስብሰባ ተደርጎ ነበር ወይ፣ ቃለ ጉባኤው ይታየን» በሉ። በቃ። ፌስታል ይከልከል አይከልከል የሚለው ክርክር በኋላ ይምጣ፤ መጀመሪያ ማን ወሰነ የሚለው።

ደግሞ ያስገቡበትን ቀን ማኅተም አስመትተው ኮፒውን ይያዙ። ያለዚያ «አልደረሰንም» ይላሉ።


የአቶቴዋ ባለሱቅ፦

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎረቤቴ ነው፤ እሱም አባል ነው። ሽሮ የምታስፈጨዋም አትቀርም፣ እሷ እንኳን ለዚህ ለሌላም አትፈራም። ደብዳቤውን የእህቴ ልጅ ይጽፈዋል፤ ኮካ ከፍሪጅ ከማውጣት ይሄ ይሻለዋል። ስብሰባው ወር ሲገባ ነው።


ባጃጅ ከሞቢል፦

የኛ የባጃጅ ማኅበርም በየወሩ ይሰበስባል፤ የታሪፍ ደብዳቤ ጽፈናል ይሉናል፣ አንዱንም አይቼ አላውቅም። ማዘር፣ ልጁ ጽፎ ሲጨርስ የማኅበሩን ስም ብቻ ለውጦ አንድ ኮፒ ለኔም ያውጣልኝ። ማድረሻ አልጠይቅም፤ አንድ ቀዝቃዛ ኮካ ይበቃኛል።